የቤታችን ድንጋይ ሲፈጭ

መሐል ሜዳ አጠገብ ያለው መንደራችን ድንጋይ ተርፎት እንጂ ጎድሎት አያውቅም ነበር፤ መጉደልን ያወቀው ክሬሸር የሚሉት የድንጋይ መፍጫ ከተተከለ በኋላ ነው። ሰዉ «ከድንጋይ ለቀማ ተገላገልን» ብሎ እልል አለ። እኔም ተቀጠርኩ። ሥራዬ ድንጋይ ወደ መፍጫው አፍ መወርወር ነበር፤ ዲፕሎማዬ ለዚህ ስላበቃኝ እግዚአብሔር ይመስገን።

መፍጫው ሲበዛ መራጭ ሆነ። የተራራው ቋጥኝ በመዶሻ ካልተከሰከሰለት ያንቀዋል። አያቶቻችን ለቅመው ያልጨረሱት የማሳ ድንጋይ ደግሞ ቁርሱ እንኳ አልሆነም። የመፍጫው ባለቤት ዞር ዞር ብሎ ሲያይ ልኩን የያዘ ጥቁር ድንጋይ ተደርድሮ አገኘ፤ የቤታችን ግድግዳ ላይ። «አሮጌ ቤቱን አፍርሶ ድንጋዩን ለሰጠኝ በለውጡ ብሎኬት እሰጣለሁ» ብሎ አስነገረ። ሰው የገዛ ቤቱን ለማፍረስ እንደዚያ ሲሽቀዳደም አይቼ አላውቅም።

የእኛን ቤት አያቴ በደቦ ያሠራው ነው። ግድግዳው ከክንድ ይወፍራል። እናቴ ደረቷ ብርድ ስለማይችል ለእሷ ያ ግድግዳ መድኃኒቷ ነበር። አባቴ ግን ለማፍረስ ተነሡ።

«ኧረ አንቱ፣ ብርዱንስ ምን ልናደርገው ነው?» አለች።

«ብርድ የሚወደው አሮጌ ቤት ነው» አሉ አባቴ። ይህን ከየትኛው ሊቅ እንደሰሙት እስከ ዛሬ አልነገሩንም።

ገልባጩ መኪና የቤታችንን ድንጋይ እፊቴ አራገፈው። ምድጃው አጠገብ የነበሩት አንድ ጎናቸው በጭስ እንደጠቆረ ነው። ቀጣሪዬ የቀጠረው ክንዴን እንጂ ትዝታዬን ስላልሆነ ወረወርኩ። በአንድ ወገን ጠጠር፣ በሌላው ወገን አሸዋ ሆኖ ወረደ። ጥሩ አሸዋ ወጣው፤ ይህን አልክድም።

አዲሱ ቤት አለቀ። ግድግዳው ስንዝር አይሞላም። አባቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ግድግዳውን በእጁ ያስዳስሱታል። ውርጩ ሲገባ ግን በጀሪካን ያደረ ውሃ በረዶ ሆኖ እየረጋ፣ እናቴም እየሳለች ማደር ጀመረች። አባቴ ጋቢ በበግ ጠጉር ባና ላይ ደርበው «አየሩ ነው እንጂ ቤቱስ እንከን የለውም» ይላሉ፤ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ።

የበጎቹ ቤት አልፈረሰም ነበር። በግ ሥልጣኔ አያስፈልገውም ተብሎ በድሮ ድንጋዩ ቆሟል። እናቴ አንድ ቀን የመኝታ ዝተቷን ጠቅልላ እዚያ ገባች። ማንንም አላማከረች። ሳሏ ቀስ በቀስ ለቀቃት። ጎረቤት «ባሏን ትታ ከበግ ጋር ገባች» ብሎ አማት፤ የሚያማት ሁሉ ግን በብሎኬት ቤቱ ውስጥ እየሳለ ነበር።

ውርጩ ሲያልፍ መፍጫው እንደገና ራበው። ባለቤቱ ራሱ ደጃችን ድረስ መጣና የበጎቹን ቤት እያየ «አባቴ፣ ይቺም ጥሩ ድንጋይ ናት። ብሎኬት ልጨምርልዎት?» አለ።

አልዋሽም፣ ፈራሁ። አባቴ እሺ ካሉ ነገ ያን ድንጋይ የምወረውረው እኔ ነኝ። እሳቸው ግን በከዘራቸው አዲሱን ቤት አመለከቱት።

«ከፈለግህ ይኼንን መልሰህ ፍጨው፤ እሷ ከወጣች ባዶ ነው። እዚያኛው ግን ሰው ይኖርበታል።»