የጀማልን እባብ ያማሰልኩበት ቅዳሜ

ቅዳሜ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ጀማል የሞተ እባቡን በፎጣ ጠቅልሎ ኮምቦልቻ ያለው ቤታችን ገባ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እስከ እሑድ ጠዋት ያደረግሁትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእናቴም፣ ለራሱ ለጀማልም። አላህን ምሕረት ለምኛለሁ። የሰው ሐቅ ግን በዱዓ ብቻ እንደማይወርድ ከልጅነቴ ጀምሮ ተምሬአለሁ። ስለዚህ እናንተ ስሙኝ። እንድታዝኑልኝ አልፈልግም።

ጀማል ጎረቤታችን ነው፤ ባጃጅ ይነዳል። እጠላው ነበር። «ገመዴ» የሚለው ቡናማ፣ መርዝ የሌለው እባብ ነበረው፤ ገና ትንሽ ሳለ አግኝቶ በመስታወት ሣጥን ያሳደገው። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ፣ ባጃጁ ውስጥ ሰው ሞልቶ ሳለ እባቡን ጭኔ ላይ ጣለው። መጮህ እንኳ አልቻልኩም። ቀሚሴ ረጠበ።

«ያ ጀመዓ፣ ኑ እዩልኝ! ባዮሎጂ ተመርቃ እባብ ፈርታ ሸናች!»

ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ሳቁ። ከዚያ ቀን በኋላ በሰፈሩ ስሜ «ባዮሎጂ» ሆነ፤ ሱቅ ስሄድ፣ መኪና ስጠብቅ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። ድሮም በሰው ፊት ቀና ብዬ መሄድ ይከብደኝ ነበር። እሱ ጨርሶ ከለከለኝ።

ይህ ሰው ነው ያን ቅዳሜ ዓይኑ አብጦ እናቴ ፊት የቆመው።

«እትዬ ዘሀራ፣ ልጅዎ ትርዳኝ። አጥንቱን እንዳለ ማስቀመጥ ይቻላል ብለውኛል።»

«ኧረ ወዲያ! ለእባብ የሚያለቅስ ወንድ ዛሬ ገና አየሁ» አለች እናቴ።

«ወንድሜን የመን በረሃ ላይ ጥዬው ነው የመጣሁት፤ አፈር እንኳ አላለበስኩትም። ከዚያ ወዲህ ይሄ ደረቴ ላይ ካልተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም። የዚህን አጥንት እንኳ ልያዝ።»

እናቴ «በይ እርጂው» አለችኝ። እኔም ሰማሁ። ሰምቼ ነው ያደረግሁት፤ ይህን ልብ በሉ።

በሥራ ቀናት የምኖረው ደሴ ነው፤ የምሠራውም እዚያው በአንድ የግል ኮሌጅ ቤተ ሙከራ ነው። የእባብ አጥንት እንዴት እንደሚጸዳ አውቃለሁ። ሬሳው በክፍል በክፍል ይቆረጣል፤ እያንዳንዱ ክፍል በስስ ካልሲ ታስሮ፣ ቁጥር ተጽፎበት፣ ለሳምንታት ውሃ ውስጥ ይቀመጣል። ሥጋው በራሱ ጊዜ ይለቃል፤ አጥንቱ ግን ተራውን ይዞ ይቆያል። የእባብ የጀርባ አጥንት ብዙ ነው፤ ጎድኑ ደግሞ እጥፍ። ተራው ከጠፋ እባቡ ጠፋ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ «ነገ ጠዋት ውሰደው» አልኩት።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ዘመድ ልትጠይቅ ስትወጣ ጓሮ ከሰል አቀጣጠልኩ። እባቡን በአሮጌ ድስት ቀቀልኩት። በረኪና ጨመርኩበት፤ አጥንት እንደሚበላ አውቃለሁ። ከዚያ በእንጨት አማሰልኩት። አንገቱ ከጅራቱ፣ ግራው ከቀኙ እስኪደባለቅ አማሰልኩት። ሽታው ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ ጸጸት እንዳይመስላችሁ። አንድ እጄ ሲደክም በሌላው አማሰልኩት።

ተናድጄ ነበር ልበል? ንዴት ያን ያህል ሰዓት እሳት አያራግብም። ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ጊዜ ጎድኖቹ ከጀርባው ሳይላቀቁ ብቅ ሲሉ አየሁ፤ ያኔ ባወጣው ይተርፍ ነበር። የሳቁትን ተሳፋሪዎች አሰብኩና አማሰልኩት። የበደለኝ ጀማል ነው፤ እባቡ ምን አደረገኝ? በረሃ የቀረው ወንድሙስ ምን አደረገኝ?

እናቴ እንደምትነግረኝ ጀማል ዛሬም አርብ አርብ ከጁምዓ መልስ ነጭ ጨርቅ አንጥፎ አጥንቶቹን ሊደረድር ይሞክራል። ሰው ሲስቅበት «እሷማ ለፍታ ነበር፣ አጥንቱ ነው እምቢ ያለ» ይላል አሉ። ይከራከርልኛል። ለዚህም እጠላዋለሁ።

እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። አጥንቶቹን በብስኩት ካርቶን ሰጠሁት። ከፍቶ አንዷን ጎድን ሲያነሳ ጣቱ ላይ ተሰበረች።

«ተለያየ እንዴ?»

«አርጅቶ ስለነበር አልያዘም» አልኩ።

አመነኝ። ካርቶኑን ደረቱ ላይ አስጠጋ።

«እህቴ፣ ያን ቀን ባጃጅ ውስጥ ያደረግሁሽን አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። ሳስበው አፍራለሁ። እኔ ብሆን አንቺን እንዲህ አልረዳም ነበር።»

ይህን ቃል ስንት ጊዜ በሐሳቤ አስለምኜዋለሁ! ያኔ «አንተም አፉ በለኝ» ብል አንድ ትንፋሽ ነበር የሚፈጀው። ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ።

«አፉ ብያለሁ» አልኩት።

«አላህ ያክብርሽ። በይ ቁጭ በይና የምታውቂውን ያህል አብረን እንደርድረው።»

የደሴ መኪና ያመልጠኛል አልኩት። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። እሑድ ነበር፤ ደሴ የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም። መናኸሪያ ሄጄ ባዶ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። እስኪሞላ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ከዚያ እስከ ቤታችን በእግር አሥር ደቂቃ ነው። አልተመለስኩም።