ዲጄ ይልቃልና የሴቶቹ ጭብጨባ

ድንኳን አከራይ ነኝ። ባለፉት ሃያ ዓመታት ወረታ ውስጥ ልጁን የዳረ ሰው ሁሉ ወይ በእኔ ድንኳን ሥር ደግሷል፣ ወይ ከእኔ ጋር ተኳርፏል። ወንበር የሚሰብር ሰርገኛ አልወድም፤ ሸራዬ ሥር እሳት አንድዶ በጭስ የሚያጠቁርብኝን ደግሞ ጭራሽ ዓይኑን ማየት አልፈልግም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጠባዬን እንድታውቁት ነው። ሰው ለማመስገን የምቸኩል ሴት አይደለሁም። ስለ ዲጄ ይልቃል ግን ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል።

ይልቃልና እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰርግ ለሰርግ አብረን ተንከራተናል። እኔ ድንኳን አስተክላለሁ፣ እሱ ስፒከሩን ያቆማል። ጥር ሲገባ ዛሬ ይፋግ፣ ነገ ሐሙሲት፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ መኪና የማይደፍረው የፎገራ ሜዳ ላይ ነን። ሜዳው ክረምት የጠጣውን ውኃ በቀላሉ አይለቅም። ሩዝ የታጨደበት ማሳ ላይ ስንተክል ገለባ እናነጥፋለን፤ ጨፋሪው ሲረግጠው እስከ ቀትር ገለባውም ይረሰርሳል። ይልቃል የስፒከሮቹን እግር በጣውላ ደጋግፎ ከጧቱ ሦስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቆሞ ይውላል። ምሳውንም ቆሞ ነው የሚበላው። ወገቡን የታመመው ገና በሠላሳ አምስት ዓመቱ ነበር፤ አሁን አርባ ዘጠኝ ሆኖታል፣ ሲራመድ ግን ስልሳ ያለፈው ይመስላል።

ሰው ዲጄ ማለት ዘፈን የሚከፍት ይመስለዋል። ዘፈን መክፈትማ ስልክ የያዘ ሁሉ ይከፍታል። ጣጣው ካንዱ ዘፈን ወደ ሌላው መሻገሩ ላይ ነው። እኛ አገር ሰርግ ላይ የባላገሩ ዘመድ ትከሻ የሚያስነቅለውን ፈጣኑን ይፈልጋል። ከሌላ አገር ተዛውሮ የመጣው መምህርና የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ ሚስቱን ይዞ ቀስ እያለ የሚወዛወዝበትን ይላል። ካንዱ ወደ ሌላው ሲታለፍ ዘፈኑ ለአፍታ ከተቋረጠ ጨፋሪው እርስ በርሱ ይተያይና ወደ ወንበሩ ይሄዳል። አንዴ ጠላው ፊት የተቀመጠን የፎገራ ሰው ለማስነሳት ሽማግሌ መላክ ያስፈልጋል። ከዚያም የከፋው፣ የወንዱ ወገን እየጨፈረ ሳለ ከተቋረጠ፣ ናቁን ብለው የሚያኮርፉ አሉ። አይቻለሁ።

ይልቃል በአሥራ ስድስት ዓመት አንድም ቀን አላቋረጠም። የፍጥነቶቹ ልዩነት ጥቂት ከሆነ የሚያልቀውን ዘፈን ማንም ሳያውቅበት በጥቂት በጥቂቱ ያፈጥነዋል። ይህ ግን ልክ አለው፤ ካለፈ የጎልማሳው ዘፋኝ ድምፅ የሕፃን ይሆናል ይላል። ልዩነቱ ሲሰፋ መሃል ላይ የምትሆን ሦስተኛ ዘፈን ፈልጎ እንደ መሰላል እርከን ይረግጣታል። እርከንም ሲጠፋ፣ ቀስታው ካንዱ ጫፍ ፈጣኑ ከሌላው ጫፍ ሲሆን፣ የራሱ የሆነ ዘዴ ነበረው። የዘፋኙን ድምፅ አውጥቶ ከበሮውን ብቻ ይተወዋል፤ ከዚያም ከበሮውን እየቀነሰ ሴቶቹን በጭብጨባቸው ብቻ ይለቃቸዋል። ሴቶች ተሰብስበው ሲያጨበጭቡ ማንም ሳያዛቸው ይፈጥናሉ። እሱ እጃቸውን እያየ ይጠብቅና፣ ጭብጨባው የፈጣኑን ዘፈን ፍጥነት ሲነካ ዘፈኑን ከላዩ ላይ ያሳርፈዋል። ሰርገኛው መቼ እንደ ተሻገረ አያውቅም።

ሚስቱ የሞተችው፣ ልጃቸው ቤዛ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። የሚተዋት ዘመድ ስላልነበረው ሰርግ ለሰርግ ይዟት ይዞር ነበር። ከጠረጴዛው አጠገብ ያስቀምጣትና ጉልበቷን በጣቱ እየመታ ፍጥነት መለወጥን ያስተምራታል፤ እሷ ደግሞ በተራዋ ጉልበቱን እየመታች ከቀስታው ወደ ፈጣኑ ትወጣለች። መሃል ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ትቸኩልና ይሳሳቁ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ሐሙሲት ላይ አንዱ የድንኳን ምሰሶ ሊወድቅ ሲያዘነብል አየሁና ከኋላው ጮህኩበት። አልዞረም። ሁለተኛ ጮህኩ። ምሰሶው ትከሻውን መታው። ስድቤን ሁሉ ካወረድኩበት በኋላ፣ ገለባው ላይ ተቀምጦ ትከሻውን እያሸ ነገረኝ። ግራ ጆሮው ጨርሶ ሄዷል፤ ቀኙም ፊት ለፊት ቆመው ካልጮሁበት አይሰማም። ባሕር ዳር ሐኪም አይቶት የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ለማትረፍ ግን ከስፒከር ራቅ ብሎታል።

"ታዲያ እንዴት ትሠራለህ?" አልኩት።

"የሴቶቹን እጅ እያየሁ" አለኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የእሱ ደግሞ ባዳነቱ አልበቃው ብሎ ጥሎት ጠፋ። ይልቃል መዳፉን የስፒከሩ ሳጥን ላይ አሳርፎ ከበሮውን በእጁ እየሰማ፣ ዓይኑን ከሚያጨበጭቡት ሴቶች ላይ ሳይነቅል ሌላ ሦስት ዓመት ሠራ። አንድም ሰርግ አላቋረጠም። ማታ ቤቱ ሲገባ ግን ዓይኑ ደም ይመስል ነበር። ቀኑን ሙሉ በዓይን መስማት ምን ያህል እንደሚያደክም እኔ ምን አውቄ፤ ፊቱን ሳይ ግን እኔም ይደክመኝ ነበር።

ቤዛ እንዳታውቅ በሚካኤል አስማለኝ። ምክንያት ነበረው። እሷ ኮሌጅ ሳለች ስፒከር ወድቆ እግሩን ሲሰብረው ትምህርቷን ትታ መጣች። በእግሩ ቆሞ ገበያ ደርሶ ሲመለስ እስክታይ ድረስ ዓመት ሙሉ አልተመለሰችም። አሁን ደብረ ታቦር መምህርት ናት፤ በወር ሁለት ጊዜ ትመጣለች። ስትመጣ ይልቃል እሷ የምትናገርበት ፋታ እንዳታገኝ ራሱ ሲያወራ ይውላል። ስልክ ስትደውል አያነሳም፣ ሥራ ላይ ነኝ የሚል መልእክት ይሰድላታል። ሉቃስ የሚባል የሩዝ ባለሙያ አጫት። ልጁ ጨዋ ነው፣ ግን ሥራው ጋምቤላ ሆነ። እሷም ሦስት ጊዜ ጠየቀችው፦ አባዬ፣ ብቻህን ትችላለህ? ሦስቱንም ጊዜ አፏን አይቶ፣ ምን ሆኜ አልችልም አላት። መደንቆሩን ካወቀች እንደማትሄድ እሱም እኔም እናውቃለን። ሰርጉ ይለፍ፣ መኪና ውስጥ ትግባ፣ ከዚያ በኋላ ትስማ ነበር የሚለው።

የሙሽራ አባት በልጁ ሰርግ ሽቦ ሲጎትት አይውልም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ማርቆስ የሚባል ጎበዝ ዲጄ ከባሕር ዳር መጣ። ይልቃል ቀደም ብሎ ቤቱ አስቀምጦ አንዲትን ቦታ ደጋግሞ አስጠናው። ሙሽሮቹ የወላጆችን ጉልበት ሲስሙ ቀስታው ነው የሚዘፈነው፤ ተመርቀው ቀና ሲሉ ወዲያው መሸኛው፣ ፈጣኑ፣ መነሣት አለበት። እዚያ ላይ ከበሮውን ቀንስ፣ ሴቶቹን ጠብቅ አለው። ማርቆስ በትሕትና እሺ ጋሼ ካለ በኋላ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ አሳየው። የዘፈኑን ምት ራሱ ቆጥሮ ራሱ የሚያጋጥም ነው። ይልቃል ቁጥሮቹን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። የእኛ ምት በሁለትም በሦስትም ይቆጠራል፤ ማሽኑ አንዱን ዘፈን በሁለት፣ ሌላውን በሦስት ቆጥሮ እኩል ናቸው ይልሃል፣ እኩል ግን አይደሉም አለው። ማርቆስ እንደገና እሺ ጋሼ አለ። እሺታው አላማረኝም።

ሰርጉ ጥር ላይ፣ እሑድ ነበር። ምርጡን ድንኳኔን ተከልኩ። ይልቃል ነጭ በነጭ ለብሶ ከፊት ተቀመጠ፤ ያጨበጨቡ እንደሆነ ያጨበጭባል፣ የሳቁ እንደሆነ ይስቃል። እኔ ከኋላው ቆሜ ሰው ሲያናግረው ትከሻውን ቆንጠጥ አደርገዋለሁ፤ አንዴ ከሆነ ግራ ይዞራል፣ ሁለቴ ከሆነ አሜን ይላል። ቄሱ ሲመርቁ በደንብ ሄደልን። በኋላ ግን ተሳስቼ ሁለቴ ቆነጠጥኩትና፣ ውኃ ላምጣልዎ ላለችው አስተናጋጅ እጁን ዘርግቶ አሜን አላት። ልጅቷ ደስታው ነው ብላ አለፈች። እኔ በላብ ተጠመቅሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤዛና ሉቃስ ለጉልበት መሳም መጡ። ቀስታው ተከፈተ። ይልቃል መዳፉን በየጊዜው ወንበሩ ሥር ካቆምንለት ትንሽ ስፒከር ላይ ያሳርፍ ነበርና ምቱን ያዘ፣ በእግሩም መታ መታ ማድረግ ጀመረ። ቤዛ ተንበርክካ ግንባሯን ጉልበቱ ላይ ስታሳርፍ ግን ሁለት እጁን አንሥቶ ራሷ ላይ ጫነ። ዓይኑም እሷ ላይ ቀረ። ስፒከሩንም የሴቶቹንም እጅ ያን ጊዜ ለቀቃቸው።

ማርቆስ ሴቶቹን አልጠበቀም። ኮምፒዩተሩን አምኖ ፈጣኑን ቀስታው ላይ ለቀቀው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አንዱ ምት በሁለት ሌላው በሦስት እየሄደ እንዳልተገራ ጥማድ ሲጓተቱ፣ ደነገጠና ሁለቱንም አጠፋቸው። ድንኳኑ ጸጥ አለ። ሴቶቹ እጃቸውን አወረዱ። ከጓሮ ከጀነሬተሩ በቀር የሚሰማ አልነበረም።

የይልቃል እግር ግን መምታቱን አልተወም። በአሥራ ስድስት ዓመት አንድ ዘፈን ያላቋረጠ ሰው፣ በልጁ ሰርግ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በሌለ ዘፈን እግሩን ይመታል። ትከሻውም ቀስ እያለ ይሄዳል። ሰዉ ሁሉ ወደ ማርቆስ ስለ ዞረ አላየውም። ቤዛ ግን ግንባሯ ጉልበቱ ላይ ነው። ጀርባዋ ሲደርቅ አየሁ። እግሩን አየች፤ ከዚያም ከእጆቹ ሥር ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እኔ ወደ ድንኳኑ ጣሪያ አየሁ። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይህ ነው።

ከዚያ እጇን አውጥታ ጉልበቱ ላይ አኖረችና በጣቷ መታ መታ ታደርግ ጀመር። መጀመሪያ በእግሩ ልክ፣ በቀስታው። ቀጥሎ ጥቂት ፈጠን፤ ቀጥሎ ፈጠን። እግሩ ተከተላት። ምን እያደረገች እንደ ሆነ ሲገባኝ እኔ፣ በሰው ሰርግ አጨብጭቤ የማላውቅ ሴት፣ የጣቷን ምት እያየሁ ማጨብጨብ ጀመርኩ። አጠገቤ ያሉት ሴቶች ተቀበሉኝ፣ ከዚያ ማዶ ያሉትም። ጭብጨባው እየወጣ፣ እየወጣ ሄዶ የመሸኛውን ፍጥነት ሲነካ፣ ማርቆስም እግዜር ይስጠው ነቅቶ ዘፈኑን ከላዩ አሳረፈው። እልልታው ሸራዬን አነሣው። ይልቃል ቀና ሲል የሴቶቹ እጅ በፈጣኑ እየሄደ ነበር። እሱም አጨበጨበ።

ቤዛ መኪናው በር ላይ ስትደርስ አንገቴን አቀፈችና "እትዬ ታንጉት፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችኝ።

መሐላዬን በላሁ። ሦስት ዓመት አልኳት። የመኪናውን በር ይዛ ቆመች፣ አትገባም። ሰዉ የሙሽራ ልቅሶ መስሎት አብሯት ያለቅሳል። ይልቃል ራቅ ብሎ ቆሞ እጁን ያውለበልብላታል፤ እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ሰርጉን ያለ ነውር፣ ምስጢሩንም ያለ ስንጥቅ ያሻገረ መስሎታል። ቤዛ ብዙ አየችው።

"አላወቀችም ብለው ይንገሩት" አለችኝና ገባች። መኪናው ወደ ባሕር ዳር መንገድ ወጣ።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ድንኳን ማፍረስ ጀመርን። ይልቃል ነጭ ልብሱን እንደ ለበሰ ወንበር ሊደራርብ ሞከረና ወገቡ እምቢ ሲለው አንዱ ላይ ተቀመጠ። ፊት ለፊቱ ቆሜ ጮክ ብዬ አናገርኩት። ማርቆስ እንዴት አድርጎ አሻገረው፣ አልተቋረጠም አይደል ብሎ ጠየቀኝ። አልተቋረጠም አልኩት።

"ቤዛስ?"

"አላወቀችም።"

ራሱን ነቀነቀ። ጫማውን አውልቆ እግሩን ገለባው ላይ ዘረጋ። ከዚያ እጁን ጉልበቱ ላይ፣ እሷ የመታችበት ቦታ ላይ አኖረ።

"መሃል ላይ ቸኮለች" አለኝ። "ልጅ ሆናም እዚያው ላይ ነው የምትቸኩል።"

የማጥፈው ሸራ ከእጄ ወደቀ። እሱ ወደ እኔ አላየም፤ መኪናው የሄደበትን መንገድ ነበር የሚያይ።

"እንዳወቅሁ እንዳትነግሪያት" አለኝ።