ለእማዬ የተመረጠ ዩኒቨርሲቲ

በመድኃኒት ቤት ሻጭነት ዕድሜዋን የፈጀችው ሴት፣ ልጇ ዘጠነኛ ክፍል በገባችበት ዓመት አንድ ሐሳብ ልቧ ውስጥ ገባ፤ አልወጣም አለ። እራት ላይ «ፋርማሲ ልማር ነው» አለች።

ባሏ ጎማ ሲነቅልና ሲለጥፍ የሚውል ጎሚስታ ነው። መጀመሪያ ሳቀ። እንደማትቀልድ ሲያይ ግን ማንኪያውን አስቀመጠና «የት?» አላት።

ጭንቁም እሱ ነበር። ከተማው ውስጥ ፋርማሲ የሚያስተምሩት የግል ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ስመ ጥር ነው፤ ሕንፃው ሰማይ ጠቀስ፣ ክፍያውም እንደ ሕንፃው። ሌላው ለቤታቸው ቅርብ ሲሆን ዋጋው የዚያኛው ግማሽ ነው።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል» አለ ባሏ። «የስሙን ዋጋ ስንከፍል ግን እኛ ከመቃብር በታች እንዳንውል!»

በማግስቱ ዓይኗን በጨው አጥባ አሠሪዋን ጠየቀች። «ጋሼ፣ ከየትኛው ብመረቅ ነው ደመወዝ የሚጨምሩልኝ?»

«ለእኔ የሙያ ፈቃዱን ካገኘሽ ሁለቱም አንድ ናቸው» አሏት። «ሆስፒታል ልግባ ካልሽ ግን ‹በእጅሽ ምን ሠርተሻል?› ነው የሚሉሽ።»

በዕረፍት ቀኗ ሁለቱንም ልታይ ወጣች። የትልቁ ዩኒቨርሲቲ ዘበኛ «ልጅዎ የትኛው ክፍል ነው የምትማረው፣ እናቴ?» አላት።

«ልጅየዋ እኔው ነኝ» ስትለው አፍሮ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ውስጥ፣ ነጭ ጋዋን የለበሱ ተማሪዎች ዱቄት እየመዘኑ ቅባት ያዋህዳሉ። የማታ ተማሪ እንደ አቅሙ ጥቂት ጥቂት ትምህርት እየወሰደ፣ በወሰደው ልክ መክፈል እንደሚችልም ሬጅስትራር ነገራት።

ትንሹ ዩኒቨርሲቲ ሰዎቹ ትሑቶች ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀመጧት። ላቦራቶሪው ግን ተቆልፏል፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ፈቃድ ወጥቷል ተባለች። ኮሪደር ላይ ያገኘቻት ተማሪ ጠጋ ብላ «እኛም ዘንድሮ የገባነው ሁለቴ ብቻ ነው፣ እትዬ» አለቻት።

ከፍቷት ተመለሰች። ልቧ ያዘነበለው ወደ ርካሹ ነበርና።

«ግማሹን ከፍለሽ ግማሽ ፋርማሲስት ልትሆኚ ነው?» አላት ባሏ፣ ሁሉን ሰምቶ።

«የልጅቷስ የትምህርት ክፍያ? እሷም እኮ መድረሷ ነው።»

ልጅቷ ከጓዳ ብቅ አለች። «እኔ ምን እንደምማር ገና አላውቅም። እማዬ ታውቃለች። እሷ ትቅደም።»

እናትየው ሳህኖቹን ሰብስባ ልታጥብ ተነሣች።

የማታ ተማሪ ሆና፣ እንደ አቅሟ እየከፈለች ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ገባች። የመጀመሪያው ኬሚስትሪ ጣላት፤ ልተወው ስትል ልጇ አጠገቧ ቁጭ ብላ አስጠናቻት። ሌሎች በአምስት ዓመት የሚጨርሱትን በስምንት ጨረሰች። ልጅቷም በመሃሉ የመንግሥት ኮሌጅ ገብታ ቅየሳ ተማረች፤ ተመርቃ ሥራ የያዘችውም ከእናቷ ቀድማ ነው።

ሥራ ያመለከተችበት ሆስፒታል ለፈተና ሲጠራት ስለ ዩኒቨርሲቲዋ ስም ማንም አላነሣባትም። ሚዛንና ዱቄት ሰጥተው ቅባት አዘጋጂ አሏት። አዘጋጀች፤ ተቀጠረችም።

የመጀመሪያ ደመወዟን የተቀበለች ዕለት ባሏ «እህ፣ አተረፍን?» አላት።

«ገና ነን» አለች ጫማዋን እያወለቀች። «የከፈልነው እስኪመለስ ዓመታት ይፈጃል። ግን ሥራው ደስ ይላል።»

«እሱስ ፊትሽ ላይ ያስታውቃል» አለና ውሃ ሊያመጣላት ተነሣ።