የሙሽራው መኪና ጎማ

ጎንደር ውስጥ የሠርግ መኪና እየነዳሁ የምተዳደርበት ጊዜ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሙሽራውንና ሚዜዎቹን ጭኜ ሙሽሪትን ልናመጣ ወደ አዲ አርቃይ ስንሄድ፣ ያቺ ለፍጥነት የተሠራች ዝቅ ያለች ጥቁር የቤት መኪና ዳባት ላይ ጎማዋ ፈነዳ።

በሳሳ ትርፍ ጎማ እንደምንም ደባርቅ ደረስን። ጎሚስታው ለቸርኬዋ የሚሆኑ ሁለት አሮጌ ጎማዎች አወጣና «እኔ የማውቀው የአይሱዙ ነው፤ ራስህ ምረጥ» አለኝ። አንደኛው ጥርሱ ደህና ነው፤ ግን ድርቅ ያለ መሰለኝ። ሌላው ለስላሳ ነው፤ ጥርሱ ግን ሊያልቅ ደርሷል። ከፊታችን የሊማሊሞ ቁልቁለት አለ፤ ያውም ዝናቡ ማካፋት ጀምሯል። ሙሽራው ሰዓቱን እያየ «ቶሎ በል እንጂ፣ ሰው ይጠብቀናል» ይለኛል።

ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው መጡ። ሁለቱንም በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ፣ አሸተቱ፣ በጥፍራቸው ቧጠጡ። ጎማ እንዲህ የሚመረምር ሰው አይቼ አላውቅም።

«ልጄ፣ ይህን ደረቁን ተወው። ለስላሳውን ውሰድ» አሉኝ።

«አባባ፣ እርግጠኛ ነዎት? ቁልቁለቱን ያውቁታል።»

«ዕድሜዬን የፈጀሁት ከጎማ ጋር ነው» አሉ ረጋ ብለው።

አመንኳቸው። ለስላሳው ተገጠመ፣ ብሎኑ ጠበቀ፣ ሁሉም ገቡ። ሞተር አስነሥቼ ላመሰግናቸው በመስኮት ብቅ ስል፣ ሽማግሌው የደረቁን ጎማ ጎን በቢላዋ ቆርጠው ጥለው፣ በቀረው ላይ የበረባሶ ጫማ ልክ በጠመኔ ያሰምራሉ።

ቀና ብለው «ተባረክ ልጄ» አሉኝ። «እንዲህ ያለ የማያልቅ ጎማ ካገኘሁ ቆየሁ።»