ምላስ ላይ የሚጣበቅ ድንጋይ

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ቦንጋ ውስጥ በአንድ ሰው ሳሎን፣ ድንጋይ ላስኩና ዋሸሁ። የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ።

ሳሎኑ የጋሽ ወልዴ ነበር። ጋሽ ወልዴ ድንጋይ የሚያጠኑ ባለሙያዎችን በመኪና ይዘው አገር ሲያዞሩ የኖሩ ሾፌር ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ቤታቸውን ሙዚየም አደረጉት። ከወሎ የመጣ ኦፓል፣ ከአፋር የመጣ ድንጋይ የሆነ አጥንት፣ የዓሣ ቅርጽ የታተመበት ስስ ድንጋይ በመደርደሪያ ላይ ተሰልፈው ነበር። ክፍሉ ኮረሪማና እርጥብ ግድግዳ ይሸታል። ከእያንዳንዱ ድንጋይ ሥር የተገኘበት ቦታና ያገኘው ሰው ስም በካርቶን ቁራጭ ተጽፏል። «ከፋ» የሚለው መደርደሪያ ብቻ ባዶ ነበር። «የእኛን አገር ዝናቡና ጫካው ሸፍኖታል» ይሉ ነበር፣ እየቆጫቸው።

ድንጋይ የሆነ አጥንት ምላስ ላይ ይጣበቃል። ድንጋይ እየለቀምን የምንወስድላቸውን ልጆች ይህን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። መጣበቁን ራሳቸው ይሞክራሉ፤ ጣዕሙን ግን ሱረት ምላሳቸውን ስለገደለው የሚነግራቸው ያመጣው ልጅ ነበር። ጨው ጨው ካለ አፈር ነውና መደርደሪያው ላይ አይገባም።

እኔ ከብት ከሚጠጣበት ሆራ፣ ከማዕድናማው ምንጭ ዳር ነጣ ያለ፣ ጥርስ የመሰለ ነገር አገኘሁ። በዚያ ጫካ ድሮ ዝሆን ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። ጋሽ ወልዴ ላሱት፤ ተጣበቀ። ፊታቸው በራ።

«አሁን አንቺ። ጨው ጨው ይላል?»

ይላል። ጉሮሮዬ ድረስ ይላል።

«አይልም» አልኩ። በባዶው መደርደሪያ ላይ የመጀመሪያው ስም የእኔ እንዲሆን ፈልጌ ነበር።

ሆነም። «የዝሆን አጥንት» ተብሎ ከሥሩ ስሜ ተጻፈ። የክፍሌ ልጆች እየተጋፉ አዩት። «ዝሆኗ መጣች!» ሲሉኝ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር።

በተከታዩ ሳምንት አንድ ቀን ዝናቡ ሲያባራ ጋሽ ወልዴ እርጥበቱን ፈርተው መስኮት ላይ አሰጡት። ከትምህርት ቤት ስንመለስ የጎረቤታችን የእትዬ ዘውዴ ላም አንገቷን አስግጋ ግማሹን ጨርሳለች። እትዬ ዘውዴ ዱላ ይዘው ይጮኻሉ።

«ኧረ ጋሽ ወልዴ! ላሜ ሙዚየምዎን በላችው!»

«ይተዉአት፣ ትላስ» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ስለ ጨው ከእሷ የበለጠ አዋቂ የለም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ስትልሺው ምን አለሽ?»

«ጨው» አልኩ መሬት መሬት እያየሁ።

አልተቆጡም። ካርቶኑ ላይ ዝሆኑን ሰርዘው «ከብት የሚልሰው አፈር» ብለው ጻፉ። ስሜን አልነኩትም። «ያገኘሽውማ አንቺ ነሽ» አሉ። ግን ሁለት ክረምት ሙሉ አንድም ድንጋይ ቅመሺ አላሉኝም፤ ከአጠገቤ ሌላ ልጅ ይጠሩ ነበር። በሦስተኛው ክረምት ጠሩኝ። ላስኩ፤ የቀመስኩትንም ተናገርኩ።

ጋሽ ወልዴ አርፈዋል። ቤቱን አሁን ልጃቸው ትጠብቀዋለች። እኛ ኪሳችን በድንጋይ ተቀዶ፣ ጭቃ ረግጠን እንሄድ ነበር፤ የዛሬ ልጆች ስልክ ይዘው ይመጣሉ። ባለፈው ወር እዚያው ሳለሁ ሁለት ሴት ልጆች ገብተው የድንጋይ ፎቶ አሳዩዋት።

«ፎቶ አይላስም» አለቻቸው። «ሂዱና ራሱን አምጡት።»

ልጆቹ ተያይተው ሳቁና ወደ ማንኪራ ጫካ በሚወስደው መንገድ በካፊያው ሮጡ። እስክወጣ ድረስ አልተመለሱም።