ከሽመናው ጉድጓድ መውጣት ሲያቅተኝ

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! ዛሬ ዝም ብዬ ልቀመጥ ብል ልቤ አያስቀምጠኝም፤ ያደረገልኝን ልናገር። ስናገር ብበሳጭ ታገሡኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ነው የተበሳጨሁት።

ሸማኔ ነኝ፤ ከጨንቻ ወርጄ እዚሁ አርባ ምንጭ ነው የምሠራው። ያኔ ጌታን አላውቅም። ባለቤቴ አስቴር ስትጸልይ እስቅባት ነበር።

መጀመሪያ ጭኔ ከበደኝ። መርገጫውን ስረግጥ እግሩ የሌላ ሰው ይመስለኛል። ቀጥሎ ክንዴ ዛለ። በዚህ ሙቀት ጋቢ ደርቤ በረደኝ እላለሁ! "ወባ ነው" አሉኝ። ሦስት ጊዜ ተመረመርኩ፤ ወባ የለም። "ነርቭ ነው" አሉ። እናቴ "የሰው ዓይን ነው" አለች። የሰፈሩ ሰው ግን "ሰነፈ" አለ፤ እኔን ያንገበገበኝ እሱ ነው! አስቴር ከቤተ ክርስቲያን የጠራቻቸው ወንድሞች መጥተው "አንተ የስንፍና መንፈስ፣ ውጣ!" ብለው ጮኹብኝ። ወጣ ተባለ። እኛ እግራችንን ጉድጓድ ውስጥ አስገብተን አይደል የምንሸምነው? በማግስቱ እኔ ራሴ ከጉድጓዱ መውጣት አቃተኝ!

ቅዱሳን፣ እዚያው ሆኜ "አንተ የአስቴር አምላክ፣ ካለህ አንድ ነገር አድርግ! ሰለቸኝ!" ብዬ ጮኽኩ። ጸሎት ከተባለ የመጀመሪያ ጸሎቴ ይሄ ነው።

አስቴር ከገበያ ስትመለስ እዚያው አገኘችኝ። ጎትታ አወጣችኝና "በቃ! ነገ ሆስፒታል ነን፤ ምክንያቱን ሳይነግሩን አንመለስም" አለች።

ዶክተሯ አንገቴን ዳሰሰች፣ ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገች፣ ደሜን አስመረመረች። "አንገትዎ ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሥራው ደክሟል። ጡንቻዎን ያዛለው እሱ ነው፤ ሰነፍ አይደሉም" አለችኝ። ሃሌሉያ! እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እኔ እሳት ከሰማይ ስጠብቅ፣ ጌታ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ የምትዋጥ አንዲት ኪኒን ሰጠኝ! በሦስተኛው ወር ከሲቀላ እስከ ሴቻ ዳገቱን በእግሬ ወጥቼ እዚህ አዳራሽ ገባሁ። በዚያው እሁድ ሕይወቴን ለጌታ ሰጠሁ። ክብር ለእሱ ይሁን!

አሁንም "ኪኒኑን ጣልና እምነትህ ይታይ" የሚለኝ ወንድም አለ። ወንድሜ፣ እስኪ አንተ መነጽርህን አውልቀህ መጽሐፍ ቅዱስ አንብብልኝ!

ዛሬ እሠራለሁ፣ አመሰግነዋለሁም። ቤታችሁ ዝሎ የተቀመጠ ሰው ካለ፣ እባካችሁ፣ እባካችሁ ስም አታውጡለት። ጸልዩለት፤ ከዚያ ክንዱን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ጌታ በሁለቱም መንገድ ይመጣል። እኔ ጋ መጥቷል፤ ታመኑት።