በሲግድ ድንጋይ የተሰበረ ማኅተም

እንግዳ የሚባለው ሰው ኢየሩሳሌም ውስጥ ጊሎ ሰፈር የሚኖር ነው፤ የአውቶቡስ መካኒክ። እጁ ከግሪስ ተለይቶ አያውቅም፤ የሚሰበስባቸው ሳንቲሞች ዘንድ ሲሄድ ግን ታጥቦ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ደርድሯቸው ነበር፤ እያንዳንዱ በጠፍጣፋ የፕላስቲክ ሳጥን ታሽጎ፣ ደረጃው ራሱ ላይ ተጽፎበት። መርምሮ ደረጃ እየሰጠ የሚያሽገው ድርጅት ባሕር ማዶ ነው ይባላል። ትልልቆቹን አሻጊዎች ሰብሳቢ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ የዚህን ስም ግን ከታዬ አፍ በቀር ከማንም የሰማ የለም።

ታዬ ያገሩ ልጅ ነው። ኢትዮጵያ ጎዳና አጠገብ ትንሽ የሳንቲም ሱቅ ከፍቶ ለወገኑ ይሸጥ ነበር። ዘዴውን ልንገራችሁ። እኛ ቴኡዳ፣ የምስክር ወረቀት ማለቴ ነው፣ የሌለው ሰው ምን እንደሚደርስበት ያየን ሕዝብ ነን። አይሁድ መሆናችሁን በምን እናውቃለን ተብለን ከቢሮ ቢሮ ተንከራተናል። ታዬ ይህችን ቁስላችንን ያውቃታል። "ሳንቲሙም ቴኡዳ አለው" ሲለን ልባችን ተከፈተለት።

በፈረንጆቹ ዘጠና ስምንት እንግዳ የእናቱን ጠገራ ብር ወስዶ ሰጠው። እማማ ልቅናሽ ከተዳሩበት ቀን ጀምሮ አንገታቸው ላይ ያሰሩት፣ ማንጠልጠያ ጆሮ የተበየደለት ጠገራ ነው። ታሽጎ ይቆያል፣ ለልጅ ልጅ ያልፋል አለው ታዬ። ከወራት በኋላ እያብረቀረቀ፣ ከፍተኛ ደረጃ ተሰጥቶት መጣ። ጆሮውስ ቢለው፣ ባለሙያዎቹ ነቅለው አጸዱት አለው። እንግዳም አመነ። ማኅተም ይዋሻል ብሎ ማን አስተምሮት? ጊሎ ላይ ጥይት በሚወርድበት ወራት እንኳ ወደ መጠለያ ሲሮጥ መጀመሪያ የሚያነሳት ያችን ሳጥን ነበር።

አንድ ዓመት የጾምና የጸሎት በዓላችን ሲግድ ሲቃረብ፣ ዓይናቸው የደከመው እማማ ልቅናሽ ብሬን አውጣልኝና ልዳስሰው አሉት። እንግዳ ሳቀባቸው። ማኅተም አይሰበርም፣ ከተሰበረ ከንቱ ነው አላቸው። ታዲያ ምን ተጽፎበታል ቢሉት በኩራት ነገራቸው፦ የሰው እጅ ነክቶት አያውቅም ብለው መስክረውለታል።

እማማ ልቅናሽ ግን፣ "እንዲያ ከሆነ የኔ አይደለማ" አሉ። "የኔን አንገቴ ነው የጨረሰው።"

የእንግዳ ፊት ደም መሰለ። ሲኮራበት የኖረው ደረጃ ራሱ ነበር ለካ ሌባውን የሚናገር። ወደ ሱቁ አልሄደም። ቢሄድ ታዬ በሩን ዘግቶ በምላሱ ያባብለው ነበር። ቂሙን ይዞ ሲግድን ጠበቀ።

የሲግድ ዕለት ኢየሩሳሌምን ቁልቁል የሚያየው የአርሞን ሃናጺቭ ኮረብታ በሰው ሞልቷል። ቄሶቹ ጥላቸውን ዘርግተው ያነባሉ። እማማ ልቅናሽ እንደ አገር ቤቱ፣ ለኃጢአታችን ብለን ተራራ እንደምናወጣው፣ ድንጋያቸውን ተሸክመው መጥተዋል። ታዬ ከሽማግሌዎቹ መሀል ተቀምጧል። እንግዳ ጸሎቱ እስኪያበቃ ታገሠና ሳጥኑን ጉልበቱ ላይ አኖረለት።

"ስበረው" አለው።

ታዬ ጾሙ ራስህ ላይ ወጣ እንዴ ብሎ ቀለደበት፤ ሽማግሌዎቹም ሳቁ። እማማ ልቅናሽ ግን ድምፁን ተከትለው ድንጋዩን ዘረጉለት።

"እንካ ልጄ። ለኃጢአቴ የተሸከምኩት ነው፤ ያንተ ይበልጣል።"

ታዬ ዙሪያውን አየ። ከሽማግሌዎቹ ብዙዎቹ ከእሱ የገዙ ናቸው፤ ሳቁ ቆሟል። መሸሻ አልነበረውም፣ ሰበረው። እንግዳ ብሩን አንስቶ እናቱ መዳፍ ላይ አኖረው። እማማ ልቅናሽ የተቀረጸችውን ሴትዮ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

"የኔዋ አፍንጫዋ አልቆ ነበር" አሉ። "ይቺ ባለ አፍንጫ ናት።"

ታዬ እዚያው፣ በወገኑ ፊት፣ የእሳቸውን ጠገራ ስሙን ለማያውቀው ቱሪስት እንደሸጠው ተናገረ። አዲስ የተመታ ጠገራ ገዝቶ ለዚያ ድርጅት እንደላከ፣ ድርጅቱም ለከፈለ ሁሉ ሳንቲሙን እያሞገሰ እንደሚያሽግ ለፈለፈ።

ሱቁ ተዘጋ። ዛሬ ይቅር በለው የሚሉ አሉ፤ ሲግድ የምሕረት ቀን ነው ይሉናል። ምሕረት የወሰደውን ለመለሰ ነው! እማማ ልቅናሽ አንገታቸው ባዶውን ተቀበሩ። እንግዳ በየዓመቱ ያንን ድንጋይ ተሸክሞ ይወጣል። ታዬ የተቀመጠበትን ፈልጎ እግሩ ሥር ያኖርለታል። ምንም አይለውም። ታዬም ጸሎቱ እስኪያልቅ ተቀምጦ አያውቅም።